ያለ እማኝ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ላሳድስ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሦስት እማኝ ይዘሽ ነይ» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ዋግ ውስጥ ላደገ ሰው እማኝ መጠየቅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኛ አገር ያለ ሰው ምስክርነት የሚያልቅ ጉዳይ የለም። ያሳቀኝ ግን እማማ ካሳነሽ ትዝ ብለውኝ ነው።

ጦርነቱ ከአበርገሌ ያፈናቀለን ክረምት ነው፤ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። ሰቆጣ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ተጠልለን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየሰማን የስንዴ ንፍሮ እንበላለን። የአክስቴ ልጅ ስንዱ አጠገቤ ትተኛ ነበር። ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ «ጻፊው» ያለችኝ ግን ራሷ ናት። በሽሽቱ መንገድ ላይ ታጣቂ ደፍሯት አርግዛለች። ጽንስ የሚያስወርድ ሥር የምታውቅ ሴት እንዳለች የጠቆሙን ነበሩ፤ ያንኑ ሥር የጠጣች የጎረቤት ልጅ ግን በሳምንቷ ቀብረናል።

«ጤና ጣቢያ ይሻላል» አሉ የአክስቴ ጓደኛ እማማ ካሳነሽ። «ግን ያለ እማኝ ማን ያምናታል?»

ሁለት የሚያምኗቸውን ሴቶች ጨምረው በጠዋት ተነሱ። ጭቃው እግር ይይዛል፤ መንገድ ዳር በለስ ይሸጣል። ሦስቱ ሴቶች ማን ቀድሞ እንደሚናገር እየተከራከሩ ቃላቸውን ያጠናሉ። የስንዱ አማርኛ ስብርብር ያለ ስለሆነ እኔ ከቋንቋችን ከኽምጣና ልተረጉምላት ተከተልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ለእኔም ያልነገረችኝን ልሰማ ጓጉቼ ነበር።

ጤና ጣቢያው ተዘርፎ የቀረው ግድግዳው ነው። አንዲት አዋላጅ ነርስ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ካርቶን መድኃኒት ትሠራለች። እማማ ካሳነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ጀመሩ።

«ሲስተር፣ ይህች የጨዋ ልጅ ናት፤ ተደፍራ ነው ያረገዘችው። ሦስታችንም...»

«እማማ፣ ሦስታችሁም ውጭ አረፍ በሉ» አለች ነርሷ በቀስታ። «እማኝ አያስፈልግም። ለተደፈረች ሕጉ የሚጠይቀው የእሷን ቃል ነው።»

«የእሷን ብቻ?»

«የእሷን ብቻ።»

ከዚያ ወደ ስንዱ ዞረች። «ይቺስ ትቆይልሽ?»

ልተረጉም አፌን ስከፍት፣ ስንዱ በዚያው በተሰባበረ አማርኛዋ «ትውጣ» አለች።

ወጣሁ። ተናድጄ ነበር። እማማ ካሳነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በለስ ይልጣሉ፤ ልጠውም አልበሉትም። «እኔንማ በልጅነቴ የጠየቀኝ የለም» አሉ። «ምኑን?» ልላቸው ፈለግሁና ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

ስንዱ ኪኒን ይዛ ወጣች። ሁለት ቀን ሆዷን ይዛ ተኛች፤ ነርሷ ራሷ መጥታ አየቻት፣ ዳነች። ዛሬ ጽጽቃ ላይ ሻይ ቤት አላት፤ በክረምት ስንገናኝ በለስ እንበላለን፣ ሰው እናማለን። ወሬ መውደዴንም አልተውኩም። እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንዳለች ግን ጠይቄያት አላውቅም።

ለመታወቂያዬ ሦስት ሰው ይዤ ሄድኩ፤ ሦስቱም እኔነቴን መሰከሩልኝ። ስንዱን ግን ያን ጠዋት ነርሷ ያለ እማኝ አምናታለች።