መልስ የተሰረዘባት ሚስት

መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ሳለሁ፣ ለወላጆች በዓል ባሳየነው ትያትር የምትደበደብ ሚስት ሆኜ ተጫወትኩ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር «ሴት ለባሏ አትመልስም» ብለው ንግግሬን በሙሉ ሰርዘውታል። የተተወልኝ ልቅሶ ብቻ! እርር ድብን እንዳልኩ መድረክ ላይ ተንበረከክሁ።

ባል የሆነው የሒሳብ አስተማሪው ዱላውን ሲያነሳ፣ የገዛ ሚስቱ ከተመልካቹ መካከል ብድግ ብላ «በንጉሥ አምላክ፣ ቁም!» አለችው። በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልምና ዱላውን እንደሰቀለ ደርቆ ቀረ።

«ትያትር እኮ ነው፤ ቁጭ በይ!» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አውቃለሁ ጌታዬ። ቤት ሲመታኝ እንዲህ ስለው ግን ‹ማን ሰማሽ?› ይለኛል። ዛሬስ ማን ሰማኝ?»

ተነሣሁ። «እኔ ሰምቻለሁ!»

ከሴቶቹ ረድፍ «እኔም!» ብለው ቀድመው የተነሡት የዳይሬክተሩ ባለቤት ነበሩ።