ለግራ እጅ የተሠራ ጊታር

ትናንት ገንዳ ውሃ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከአንድ እንጨት ሥራ ቤት የኮላና የሰጋቱራ ሽታ መጣብኝ። አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እስኪነፋብኝ ድረስ መንገድ መሃል ቆሜ ቀረሁ።

ያንን ሽታ መጀመሪያ ያወቅኩት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ ኮኪት አካባቢ ትራክተር ይነዳ ነበር፤ ዕረፍት በሆነ ቁጥር ደግሞ ጊታር ይጫወታል። አንድ መኸር ማሽላ ሲወቃ የመውቂያ ማሽኑ ማዞሪያ ቺንጋ ግራ እጁን ይዞ ሁለት ጣቶቹን ወሰደበት። ቁስሉ እንደዳነ ጊታሩን ድንበር አቋርጦ ወደ ጋላባት ለሚሻገር ነጋዴ ሰጠው። «ገመድ የሚይዝ እጅ ሳይኖር ምን ያደርግልኛል?» አለ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ጸጥ አለ።

ጎረቤታችን አናጢ ነበሩ፤ ሱዳን ሠርተው የተመለሱ ሙስሊም ሽማግሌ።

«አባቴ የጊታር አንገት በቀኙ ቢይዝ፣ ገመዱን በግራው ቢመታስ?» አልኳቸው።

«እንግዲያው ተገልብጦ መሠራት አለበት» አሉ። «በመጀመሪያ ግን መሣሪያሽን አዘጋጂ። የመላጊያው ስለት የክንድሽን ጸጉር ካልላጨ እንጨት እንዳትነኪ።»

ሳምንቱን ሙሉ ስለት ሳልኩ፤ የመጋዝ ጥርስ ሞረድኩ። ማጣበቂያው እስኪደርቅ እንጨቱን ጠፍሮ የሚይዝ ነገር ስላልነበረን፣ አሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ እንደ ጠፍር ቆራረጥኩ። የጎኑን እንጨት የምናጎብጠው በአሮጌ ትራክተር ጭስ ማውጫ ቱቦ ነበር፤ ውስጡ ፍም ጨምረን፣ እርጥቡን ጣውላ እላዩ ላይ ቀስ እያደረግን እንጫነዋለን። የመጀመሪያው ተሰበረ። ሁለተኛውም ሲሰበር አለቀስኩ።

«አሁን ሊሰበር ሲል የሚያሰማውን ድምፅ አውቀሽዋል» አሉኝ አናጢው። «ሦስተኛው ላይ ያንን ድምፅ ከመስማትሽ በፊት መጫንሽን አቁሚ።»

ሦስተኛው ጎበጠ። ግቢው ውስጥ እየጮኽኩ ዞርኩ።

ጊታሩን ጨርሼ ስሰጠው አባቴ እንደ ልማዱ ግራ እጁን ወደ ጊታሩ አንገት ሰደደና ድንገት መለሰው።

«ገልብጠህ ያዘው፣ አባዬ።»

ገለበጠው። ገመዶቹን አንድ በአንድ ነካ። «ለእኔ ነው የተሠራው?» አለ።

ክረምቱን ሙሉ እንደ ጀማሪ ሲሳሳት ከረመ። ጥር ላይ በአንድ ጎረቤት ሠርግ፣ ዳሱ ውስጥ ብድግ ብሎ ተጫወተ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ እጁን ነበር የሚያየው። ቆይቶ ማየቱን ትቶ ጨፈረ። እልልታው አናጢውን ከበር ላይ እየጎተተ መሃል አስገባቸው። አባቴ በላብ ተነክሮ፣ ጊታሩን ከፍ አድርጎ ወደ እኔ አመለከተ፤ «ሠሪዋ ይቺውላችሁ!»

እንደዚያን ቀን ቀና ብዬ የሄድኩበት ቀን የለም።

አባቴ ካረፈ ሁለት ክረምት አለፈ። ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ጊታር መማር አማራትና፣ የእሱን ጊታር ገመዶች ለቀኝ እጅ እንዳዞርላት ለመነችኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኳት። የመጀመሪያውን ገመድ ግን ለመፍታት ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ፤ እሷም አላጣደፈችኝም።