ከውርጭ በፊት ያስገባሁት ሎሚ

ባሕር ማዶ፣ ዊልስደን፣ የአጎቴ ሚስት ቤት ስኖር፣ የማሞቂያ ቢል በዛ ብላ የእኔን ክፍል ሂተር ብቻ ዘጋችው። እንግዶች ፊት ስንቀጠቀጥ አይታ፣ "ወጣት አይደለሽ እንዴ? ደምሽ ያሙቅሽ!" ብላ አሳቀችብኝ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ አቀርቅሬ ስኒዎቹን ሰበሰብኩ። አልረሳሁላትም ግን።

ውርጭ ሊጀምር ሲል ግቢውን እንዳዘጋጅ አዘዘችኝ። ሣሩን ለመጨረሻ ጊዜ አጨድኩ፤ የረገፈውን ቅጠል ጠረግኩ፤ የውጪውን ቧንቧ በጨርቅ ጠቀለልኩ። የቀረው በባልዲ የተከለችው ሎሚ ነበር። እንደ ልጅ ትሳሳለታለች።

"እሱን ቤት አስገቢው፤ ብርድ ከነካው አለቀለት" አለችኝ።

እኔ ክፍል አስገባሁት። ማታ ማታ መስኮቱን ከፈት አድርጌ፣ ካፖርቴን ደርቤ እተኛለሁ። ጠዋት ወለሉ ላይ የረገፈ ቅጠል ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

በሳምንቱ ልታየው መጥታ ጮኸች።

"ምን አድርገሽው ነው?"

"ምንም፣ እትዬ። እኔ የማድርበት ነው ያሳደርኩት።"

ለሎሚዋ ስትል እየተጣደፈች ሂተሩን ከፈተችው። እሷ ሥራ እንደሄደች ሎሚውን ተሸክሜ ወጣሁና ውርጭ የመታው ሣር ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ የሞቀው ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።