ዴስን ጭቃ ላይ ያስቀረው ስክሪን

ቬርና ፓስኮ ሰው ትንቅ ነበር። በወደብ ከተማዋ በፖርት ፒሪ ይህን የማያውቅ የለም፤ እሷም ደብቃው አታውቅም። በስልክ ማዞሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ የከተማው ሰው እርስ በርሱ የሚያወራውን ሁሉ ሰምታለች፤ የሰማችውም ነገር ለማንም የሚሆን አክብሮት አላስተረፈላትም። ማዞሪያ ቤቱ ሲዘጋ ኮምፒውተር ራሷን በራሷ ተማረች። ሰባ ዓመት ሲሞላት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከቤተ መጻሕፍቱ ጓዳ ተቀምጣ የጡረተኛውን ላፕቶፕ ሁሉ ትጠግን ነበር። ጥገናው በነፃ ነው፤ ስድቡም እንደዚያው።

“ይሄን ማን ጫነው?” ትላለች ገና ክዳኑ ሲከፈት።

“እኔ ምንም አልነካሁም” ያለ ሰው አለቀለት።

“አዎ፣ ራሱ እየተራመደ መጥቶ ነው የገባው።”

ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን የሟች እህቷን ባል፣ ዴስ ክላይኒግን ነበር። ግሌኒስ ምን አይታበት እንዳገባችው ቬርና እስከ ዛሬ አልገባትም። ረጅም፣ ዝግተኛ፣ አንድ ነገር ሲጠየቅ መልሱን ከኪሱ የሚፈልግ የሚመስል ሰው ነው። የዓሣ አጥማጆች ክለብ ሊቀ መንበር ሆኖ የተመረጠውም፣ እሷ እንደምትለው፣ ስብሰባው ላይ ወንበር ለማጠፍ የቀረው እሱ ብቻ ስለነበረ ነው።

ክለቡ ጀልባ ከሚወርድበት ዳገት አጠገብ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ካንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ሰፊ ስክሪን ተሰቅሏል። ዴስ ስክሪኑ ላይ አራት ትናንሽ መስኮቶችን በገዛ እጁ ደርድሯል፦ አንዱ ሰዓት፣ አንዱ ንፋስ፣ አንዱ ሙቀት፣ አንዱ ደግሞ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ጊዜ ያሳያል። ዊጄት ይሏቸዋል። ከዚህ በላይ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

በመጋቢት ውስጥ፣ የዓሣ ማጥመድ ውድድር በሚደረግበት ቅዳሜ፣ ዴስ ጎህ ሳይቀድ ቤቱን ከፍቶ ስክሪኑን አየ። ባሕሩ እየሞላ ነው፣ እስከ ረፋድም ይሞላል ይላል። ሰዓቱም ማለዳ መሆኑን ያሳያል። ዴስ ጀልባውን አውርዶ ጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅሉት የማንግሮቭ ዛፎች መካከል ወዳለው ጠባብ ውሃ ገባ። ጥቂት እንደቆየ ውሃው ከሥሩ መሸሽ ጀመረ። ሞተሩን ለማስነሣት ሲታገል ጀልባዋ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች፤ ውሃው ተመልሶ ያነሣትም ከቀትር በኋላ ነው። ዴስ በራሱ ላይ ፎጣ ጥሎ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ዳገቱ ላይ የቆሙት የክለቡ ሰዎች የሩቅ ማያ መነጽር እየተቀባበሉ አዩት።

ስክሪኑ የሚያሳየው ከዘጠኝ ቀን በፊት የነበረውን ሐሙስ ማለዳ ነበር። ውድድር በወር ሁለቴ ስለሆነ በመካከሉ ቤቱን የሚከፍት እምብዛም የለም፤ አራቱም መስኮቶች ደርቀው ቀርተዋል። ዴስ በዚያው ማለዳ ሰዓት ስለመጣ ሁሉም ነገር ልክ መሰለው።

እሑድ ቬርና ተጠርታ መጣች። የክለቡ ሰዎች ውጭ ቋሊማ እየጠበሱ በዳቦ ይበላሉ። አፍንጫው በፀሐይ የተላጠው ዴስ በሩ ላይ ተቀበላት።

“አርባ ዓመት በዚህ ባሕር ላይ ኖረህ፣ ባሕሩ መሙላቱን ግድግዳ ትጠይቃለህ?” አለችው።

“እስከ ረፋድ ይሞላል ነበር የሚለው።”

“መስኮቱን ከፍተህ ብታየውስ? ባሕሩ እኮ ከዚህ ሃያ እርምጃ ነው።”

ውጭ ያሉት ሳቁ። ቬርና ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

“ምን ጫንክበት?”

“ምንም።”

“ምንም የሚባል ፕሮግራም አላውቅም። ይሄስ? ‘ኮምፒውተርዎን በነፃ ያፍጥኑ’ የሚለው?”

“እሱ እንኳ ያምና ነው።”

“ለካ ጅልነትህም የቆየ ነው” አለችና አጠፋችው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ውጭ ያሉትም እንዲሰሙ፣ ያገኙትን ሁሉ ስለሚጭኑ ሰዎች አንድ ትምህርት ሰጠች። ዴስ ሻይ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠላት።

መስኮቶቹን ዘግታ ከፈተቻቸው። ለአፍታ ተንቀሳቅሰው ደረቁ። ኢንተርኔቱን አየች፤ ደህና ነው። የዊጄቶቹን ፕሮግራም ነቅላ እንደገና ጫነችው። ያው ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ የደረሰበትን እክል ሁሉ የሚመዘግብበትን ዝርዝር ከፈተች፤ አንድ መልእክት ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፦ የስክሪኑ ድራይቨር መልስ መስጠት አቁሞ እንደገና ተነሣ። ድራይቨር ኮምፒውተሩን ሥዕል ከሚሠራለት ካርድ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። የዚህ ኮምፒውተር ካርድ ያረጀ ነው፤ ድራይቨሩ ግን ያለፈው ወር ነው የወጣው። አልተግባቡም።

ኮምፒውተሩን በጥቂት ፕሮግራሞች ብቻ በሚሠራበት የጥንቃቄ ሁኔታ አስነሣችው፤ አዲሱን ድራይቨር ጠራርጋ አወጣች፤ ከካርዱ አምራች ገጽ ላይ የድሮውን ፈልጋ ጫነች። እንደገና ሲነሣ ንፋሱ ተንቀሳቀሰ፣ ሰዓቱ ቆጠረ፣ ባሕሩም የዛሬውን አሳየ።

አዲሱን መቼ እንደጫነው ለዴስ በጣቷ ልታሳየው ፈለገች። ዝርዝሩን ከፍታ ቀኑን አነበበች። ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስክሪኑ በደረቀበት ሐሙስ ዋዜማ። ዴስ ፕሪንተሩ እምቢ ብሎት እሷን የጠራበት ቀን ነው። ፕሪንተሩን ከሠራች በኋላ፣ እግረ መንገዷን፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የስክሪኑን ድራይቨር ያደሰችው እሷ ራሷ ናት።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ዝርዝሩን መዝጋት ነበር። ከነዚህ ሰዎች አንዱም ሊከፍተው አይችልም፤ ማንም አያውቅባትም። እጇ ማውሱ ላይ እንዳለ ይህን ማሰቧን ታዘበች። የስልክ ማዞሪያው ውስጥ በጆሮዋ ስትሰማቸው ከኖረቻቸው ሰዎች የአንዱን ያህል በገዛ ዓይኗ አነሰች።

“ዴስ፣ ና እዚህ። ይሄን አንብብ።”

“መነጽሬን አልያዝኩም።”

“ረቡዕ ይላል። እኔ የመጣሁበት ቀን ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ” አለ ዴስ።

“ምኑን ነው የምታውቀው?”

“ስትጭኚው አጠገብሽ ነበርኩ እኮ። ‘እየሠራ ነው፣ ተይው’ አልኩሽ። ‘አንተ ሂድና ዓሣህን አጽዳ’ አልሽኝ።”

ቬርና ሻዩን አየችው። ቀዝቅዟል። “ታዲያ ይሄን ሁሉ ስሰድብህ ለምን ዝም አልክ?”

ዴስ እንደ ልማዱ መልሱን ከኪሱ የሚፈልግ መሰለ። “ላንቺ ማን ይናገራል፣ ቬርና? ግሌኒስም ‘ተዋት፣ ራሷ ስትደርስበት ትደርስበታለች’ ነበር የምትለኝ።”

ያለ ቂም ነበር የተናገረው፤ እሷን ያቃጠላትም ይኸው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እሷ እነሱን ስትንቅ፣ እህቷና ይህ ዝግተኛ ሰው ከገበታቸው ላይ ተያይተው ዝም ሲሏት ኖረዋል። እሷ ንቀቷን እየጮኸች ስትሰጥ፣ እነሱ የነሱን በጨዋነት ሰጥተዋታል።

ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። “ስሙ” አለች ቋሊማ ለሚበሉት። “ዴስን ጭቃ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የማይሆን ድራይቨር ጭኜ።”

አንዱ የጎረሰውን ዋጥ አድርጎ፣ “አሁን ንፋሱ ይሠራል?” አላት።

“ይሠራል።”

“በቃ እንግዲህ” አለና ፊቱን መለሰ። ስትሳሳት ለማየት ሲመኙ የኖሩ መስሏት ነበር። የተመኘ አልነበረም፤ ጉዳያቸውም አልነበረችም። ቦርሳዋን አንሥታ፣ ሻዩን ሳትነካው፣ በዳገቱ በኩል ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በነካችው ኮምፒውተር ሁሉ ጀርባ ወረቀት ትለጥፋለች፤ ቀኑን፣ የጫነችውን ነገርና ስሟን ትጽፍበታለች። ምላሷ ግን አልለዘበም፤ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡት ጡረተኞች እንደወትሮው እየተሰደቡ ይመለሳሉ። ዴስ ደግሞ በሚቀጥለው ውድድር ጠዋት በወረቀት የታተመውን የባሕር ሠንጠረዥ ኪሱ ከቶ ወጣ። ስክሪኑን ቀና ብሎም አላየው።