ባለቤቴ የሰፋቸው ዘጠኝ ኪሶች

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ገበር እዘመዝማለሁ። ብዙ አልተማርኩም፣ ሲጻፍ ነገሩ እንዴት እንደሚያምርም አላውቅበት። ያየሁትን ብቻ ነው የምለው።

ዝምተኛ ነው። ሰፈርተኛው «የራሱንም አፍ ሰፍቶታል» ይለዋል። የማን ወገብ ስንት ሴንቲ እንደጨመረ፣ የማን ሱሪ መቀመጫው ላይ እንደተጣፈ ያውቃል፤ ለኔ እንኳ ትንፍሽ አይልም።

አምና የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ ሌቦች ትከሻውን በጩቤ ወጉት። በሳምንቱ ተነስቶ ሱቁን ከፈተ። ወሬው ግን የመንገዱ ጫፍ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ገድሎታል። ኪሱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

መጀመሪያ ባለ ሉካንዳው መጣ። ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የቀኙን ኪስ ጠለቅ አርግልኝ፤ ውስጡን ሸራ አልብሰው። ሽጉጥ ከባድ ነው፣ ጨርቅ ይቀድዳል። ለማንም እንዳትናገር፣ በሰፈሩ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

ኋላ ሌላው መጣ፣ ኋላ ሌላው። ሁሉም «እኔ ብቻ ነኝ» ይላል። ሸራውን በእጄ የምሰፋው እኔ ነኝና እቆጥር ነበር። ስምንት ሆኑ። ዘጠነኛው የኔው ታናሽ ወንድም፣ ታክሲ ነጂው ሆነ።

«አንተን ደግሞ ማን ይነካሃል?» አልኩት።

«እታለም፣ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። አንድ ሰው እንኳ ይኑረው እንጂ!» ብሎ ሳቀ።

ባለቤቴን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ የስፌት መኪናውን ይረግጣል።

እሁድ ከሰዓት ስለ ሌብነት የሰፈር ስብሰባ ተጠራ። ትምህርት ቤት ነው፤ የልጆች ዴስክ ላይ ተጣበን ተቀመጥን። ባለ ሉካንዳው ተነሳ። «የመድኃኒት ቤቱ ሌቦች ያመለጡት በታክሲ ነው። ታክሲዋን የሚያውቅ ያውቃታል» ብሎ ወንድሜን አፍጥጦ አየው።

«ስም ጠርተህ ተናገር፣ አንተ አጥንት በሥጋ ዋጋ የምትሸጥ!» ወንድሜም ተነሳ።

ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዷ «በለው!» አለች።

እኔ ግን ክው አልኩ። የወንድሜ እጅ ወደ ቀኝ ኪሱ ገባ። የባለ ሉካንዳውም ገባ። መስኮቱ ጋ ያለው ኪስ ያሰፋ ሌላ ሰውዬም ኮቱን ገለጥ አደረገ። ሌላው ሰው የሚያየው አፋቸውን ነው፤ እኔ የማየው ኪሳቸውን ነበር። ወንድሜን ልጥራ ብል አቃተኝ። ሰው ፊት መናገር ድሮም አልችልም።

ባለቤቴ ዴስኩን ተደግፎ ተነሳ።

«ዘጠኝ ናችሁ» አለ።

«ምኑ ነው ዘጠኝ፣ ጋሼ?» አለው ሰብሳቢው።

«እዚህ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ የሽጉጥ ኪስ አለ። ሁሉንም እኔ ነኝ የሰፋሁት። ሁላችሁም እኔ ብቻ ነኝ ብላችሁኛል። አንዱ ከመዘዘ ስምንቱም ይመዝዛሉ። ሚስቶቻችሁ አጠገባችሁ ናቸው። እባካችሁ፣ እጃችሁን አውጡ።»

የማንንም ስም አልጠራም። ወንድሜና ባለ ሉካንዳው ተያዩ፤ ከዚያ ሁለቱም ግራ ቀኛቸውን ይቃኙ ጀመር። እጆች ቀስ እያሉ ወጡ። ባዶ ናቸው። ወንድሜ ፊቱ አመድ መስሎ ቁጭ አለ። ስብሰባው ሳይዘጋ ሰው ጀርባውን ለማንም ሳይሰጥ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወጣ።

ወንድሜ ተረፈልኝ፣ ተመስገን። በማግስቱ ሱሪውን አምጥቶ «ሸራውን ፍቺልኝ» አለኝ። «ሽጉጡስ?» ብለው መቀሱን አቀበለኝ።

በሦስተኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ዶሮ ሲታረድ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። «ለካ በዘጠኝ ሽጉጥ መሃል ባዶ እጄን ተቀምጬ ነበር! ለኔም ስፋልኝ» አለ።

«ከእንግዲህ አልሰፋም» አለው ባለቤቴ።

ሰውዬው ሱሪውን ጠቅልሎ ማዶ ወዳለው ልብስ ሰፊ ተሻገረ። ከሱ በኋላም የታጠፈ ሱሪ በብብታቸው ይዘው በደጃችን ያለፉ አሉ። አንዳንዶቹ ሰላም ይሉናል፣ አንዳንዶቹ ዞር ብለው ያልፋሉ።

«ባልናገር ይሻል ነበር ይሆን?» አለኝ ባለቤቴ ባለፈው፣ ክር እያስገባ።

«ወንድሜን አትርፈህልኛል» አልኩት። እውነቴን ነው። ግን ገበያ ስሄድ ሰው ሲጋፋኝ እደነግጣለሁ። ያኔ ዘጠኝ መሆናቸውን አውቅ ነበር። አሁን ስንት እንደሆኑ አላውቅም፤ ማዶ ያለውን ሰፊ ሄጄ አልጠይቀው ነገር፣ እሱም ለሚስቱ አይናገር ይሆናል።