ቦሰና ብቻዋን ያነበበችው ቃል

ሕሊና ክፋት የለባትም። ያለባት አመል አዲስ ነገር ካየች ሳትነካካ አለማደር ነው። ዐረብ አገር፣ ኮበር ከተማ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ናት፤ አገር ቤት ግን ደብረ ብርሃን ላይ ሁለተኛ ክፍል ታስተምር ነበር። አስተማሪነት መቼም አይለቅም መሰለኝ። እዚያ መምህራኑ በስልክ ስም ሲጠሩ፣ ለልጆቹ ኮከብ ሲሰጡ፣ ድምፅ ሲልኩ አየችና ያንኑ አፕ ጭና ለእኛ ክፍል ከፈተችልን። እኛ የቤት ሠራተኞች ነን። ዓርብ ዓርብ፣ ወንዶቹ ለጁምዓ ሲወጡ፣ በያለንበት ኩሽና ስልካችንን ከፍተን ዐረብኛ ማንበብ እንማራለን። ወረቀታችንን ሌላ ሰው እያነበበልን እስከ መቼ!

እኔ ዘይኔ፣ እዚያው ኮበር ቱቅባ ሰፈር ከሕሊና ጋር አንድ ቤት የምጋራው፣ የተማሪዎቹ ሁሉ ሰነፍ ነኝ። ጎበዟ ደማም የምትሠራው ቦሰና ነበረች። ማዳሟ ለፋሲካ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ አወጣልሻለሁ ብላ ቃል ገብታላት፣ ጡት አስጥላት የመጣችውን ልጇን ትንሳኤን ለማየት ቀን ትቆጥር ነበር።

ያን ዓርብ ቦሰና ክፍል አልገባችም። ቤተሰቡ ለሽርሽር ኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳርቻ ሲሄድ ምንጣፍ እጠቢ ብለዋት ነበር። ሕሊና ደግሞ በዚያው ጠዋት ስም መጥራቱን ለአፑ አስረክባለች። «ሃዲራ»፣ አለሁ ማለት ነው፣ የሚለውን ያልነካች ተማሪ ስሟ ይቀላል፤ መልእክትም በራሱ ይሄድላታል። «ዘይኔ፣ እዪማ! አይገርምም?» እያለች አሳየችኝ። ገረመኝ፤ ምን አውቄ።

ተሲያት ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ቦሰና ናት። አባያዋን ገልብጣ ለብሳ፣ የልብስ ፌስታል አንጠልጥላለች።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ሁሩብ አድርገውኛል፣ ዘይኔ። ኸላስ፣ አለቀልኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ራሴ አነበብኩት።»

ይህን ስትል፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል፣ ፊቷ ላይ ኩራት ቢጤ ብልጭ አለ። አንጀቴን በላችው።

ስልኳን ዘረጋችልን፤ «ሙተገይባ» ይላል። ካፊሉ፣ አሠሪው ማለት ነው፣ ጠፋችብኝ ብሎ ለመንግሥት ሲያመለክት፣ እኛ ሁሩብ የምንለው ነገር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው በዚህ ቃል ነው፤ የቀረች ማለት ነው። ሕሊና ራሷ በመጀመሪያው ሳምንት «ይህቺን ቃል የትም ብታዩ እንዳታልፏት» ብላ አስጠንታናለች። ከትምህርት የቀረችም ተማሪ ያው ሙተገይባ ናት።

ሕሊና ስልኩን አየችና ፊቷ አመድ ሆነ። «ቦሰና... ይሄ እኮ ከኔ የመጣ ነው። ከክፍል ቀረሽ ነው የሚለው።»

«ከየትኛው ክፍል?»

«ከኛ!»

ቦሰና ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። እኔማ ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ኮከብና ቀይሽ ሰው ሊበላ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። የሕሊና እንባ ዱብ ዱብ ይላል።

ጉዱ ገና ነው። ቦሰና ስትወጣ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፍ የላትም። ይከታተሉኛል ብላ ሲሟን ሰብራ ጥላዋለች። ቤተሰቡ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ ይመለሳል። ቤቱን ባዶ ካገኙት ካፊሉ እውነተኛውን ሁሩብ ያስገባል፤ ኹሩጁም ትንሳኤም በዚያው ቀሩ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ አይደል!

ምድር ቤት የሚኖረውን ሾፌሩን ዓሊዬን ጠራሁት። ፌስታሉን እኛ ዘንድ አስቀረን፣ አባያዋን አስተካክለንላት አራታችንም መኪናው ውስጥ ገባን። መንገድ ላይ ከበቃላው ሱቅ ክሎሮክስ የሚሉትን በረኪና ገዛንና «ምንጣፍ ሳጥብ አለቀብኝ፣ ልገዛ ስወጣ በሩ ተዘጋብኝ በይ» አልኳት። «ክሎሮክስ ማፊ፣ ባብ ሙሽኪላ» እያለች በዐረብኛ መንገዱን ሙሉ አጠናች። መንገዱ ደግሞ ከባሕር በሚመለስ መኪና ተጨናንቆ ንቅንቅ አይልም።

ስንደርስ ጂፑ በር ላይ ቆሟል፤ ልጆቹ ከጫማቸው አሸዋ ያራግፋሉ። ቦሰና ጥግ ላይ ወርዳ ክሎሮክሷን ታቅፋ ሄደች። ማዳም እጇን እያወናጨፈች ስትናገራት ከሩቅ አየን፤ ምን እንዳለች አልሰማንም። ገቡና በሩ ተዘጋ።

ሲም ስለሌላት ከእንግዲህ የምናገኛት በቤቱ ዋይፋይ፣ በዚያው በተረገመ አፕ ብቻ ነው። ሕሊና ልታጠፋው ስትል እጇን መታሁት።

«እንዳትነኪው! ደህና ከሆንሽ ሃዲራን ንኪ ብያታለሁ።»

መግሪብ አዛን ተባለ። ዓሊዬ ሰግዶ ተመለሰ። የቦሰና ስም እንደቀላ ነው።

«ስልኳን ነጥቀዋት ይሆን?» አለች ሕሊና።

«ዝም በይ፣ አታሟርቺ!» አልኳት፤ እኔም እኮ የማስበው ያንኑ ነበር። ያ ረቢ፣ ይህቺን ልጅ አታሳፍራት እላለሁ በሆዴ።

አረንጓዴ ሆነ። ቦሰና፣ ሃዲራ።

ሕሊና ስልኩ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች፤ እኔም አላስቻለኝም። ዓሊዬ «አሁንማ ሳቁ እንጂ!» ቢለን ማን ይስማው።

አፑ ዛሬም አለ፤ ቀዩን ግን ሕሊና አጥፍታ ስም በአፏ ትጠራለች። ቦሰና ለፋሲካ አገሯ ገባች። ስሟ ግን አልተሰረዘም፤ ኔትወርክ ካለ ከጎጃም ትገባለች። ባለፈው ዓርብ ሕሊና «ቦሰና?» ብላ ስትጣራ፣ ስልኩን ከእናቷ ነጥቃ የመለሰችልን ትንሳኤ ናት።

«ሃዲራ!»