አንኮበር ያስከፈትኩት የዓይን ቆብ

የገብርኤል ማግስት፣ ደብረ ብርሃን

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። እኅቴ አስካለ በቅሎዋን እየሳበች ትስቃለች፤ እኔ ግን ሳቅም የለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀኝ ዓይኔ ቆብ ከልጅነቴ ጀምሮ የወረደ ነው። ሥራዬ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ በእኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፣ ኃጥእና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። የምወዳትን ዘርፌን ለሚስትነት ለመጠየቅ ሽማግሌ ብልክ እናቷ እመት ደስታ «ልጄን ለአንድ ዓይና አልድርም! የሚሥላቸውን ሰይጣኖች መስሎ!» አሉ። ቆቡን ላስከፍት ወደ አንኮበር መንገድ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ጎረቤላ፣ ቀትር

ጉም። የገብስ ቆሎና ጠላ ያቀረበችልን ሴት ወዴት እንደምንሄድ ስትሰማ «ወጌሻው አያ ሽብሩ ዘንድ? አይዞህ ወንድሜ፣ እጃቸው ቀላል ነው» አለችኝ። ቀላል ምላጭ የት አለ!

አንኮበር

የማርያም ዕለት ምላጭ አይነሣምና አረፍን። በማግስቱ አያ ሽብሩ «ምን ያህል ልቁረጥ?» አሉኝ።

«መስመሩን እኔው ላወጣው» አልኩና ፊቴን በገበቴ ውሃ እያየሁ በከሰል አሰመርኩ። እጄ የለመደው የጻድቃንን ዓይን ነው፤ ትልቅ፣ ክብ።

«ሥዕሉ ያንተ ነው» ብለው ሳቁ።

ለመቆረጥ ለምታስቡ ልንገራችሁ። ቆዳውን በተሰነጠቀ መቃ ቆንጥጠው ይይዙታል፤ ቆርጠው በሐር ክር ይሰፉታል። ከመቆረጡ መሰፋቱ ያማል። አስካለ ራሴን በጉልበቷ ይዛ «ወይኔ ወንድሜን!» ትላለች። ከዚያ ፊት እንደ ቡሆ ኩፍ ይላል። ጢስ ክልክል ነው፤ ከፀሐይ የመጣ እንግዳም አይገባም።

እብጠቱ ሲጎድል ዓይኔ እንደ ጻድቃን ተከፈተ። ግን አልዘጋ አለ!

አያ ሽብሩ አገጬን ይዘው አዩኝ። «አብዝተነዋል ልጄ። ስትተኛ የሚሸፍንልህ ሰው ካላገኘህ ደርቆ ይጠፋል። ሚስት አለችህ?»

«እሷን ላገኝ እኮ ነው የመጣሁት!»

ደብረ ብርሃን

ተመልሰን በቀጥታ ከሽማግሌዎቹ ጋር እነዘርፌ ቤት ገባን። እመት ደስታ አተኩረው አይተውኝ «እሰይ! አሁን ሰው መሰልክ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ነገር ሲያስረዝሙ፣ መንገዱም አድክሞኝ ነበርና፣ መደቡ ላይ ሸለብ አደረገኝ።

የሆነውን የነገረችኝ አስካለ ናት። አንዱ ዓይኔ ተከድኖ ሌላው ሲያፈጥ ያዩት እመት ደስታ «በስመ አብ! ይኸ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ብለው ብድግ አሉ። አስካለ ዓይኔ እንደማይዘጋ፣ ካልተሸፈነም እንደሚጠፋ ነገረቻቸው። ይህን የሰማችው ዘርፌ የማንንም ፊት ሳታይ ከጓዳ ወጣች።

ስነቃ የነጠላዋ ጫፍ ዓይኔ ላይ ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ ሽማግሌዎቹን «ቀስ በሉ፣ እንዳይነቃ» ትላቸዋለች።